የጥንቱ እንጉርጉሮ በታናሽ አውታር

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ምድር ዜማ እንደ እህል ይዘራል፥ እንደ እህልም ይታጨዳል። ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ፥ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ፥ በእስቴ ያለው የቆማ ደብር ደግሞ ስሙን ለአንድ የዜማ ስልት የሰጠ መሆኑን ካህናት ሁሉ የሚያውቁት ነው። ከሸዋም ከትግሬም ከጎጃምም የተነሣ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ደበሎውን ደርቦ፥ የጉናን ብርድና የመንደሩን ውሻ ታግሦ ወደዚህ ምድር ሲወጣ የኖረው ስለዚህ ነው። የዚህ ዜማ ታሪክ የተጠበቀ ነው፤ ምልክቱ በብራና ላይ ተጽፏል፤ መምህራኑም እገሌ ከእገሌ፥ እገሌም ከእገሌ እየተባለ እንደ ነገሥታት ትውልድ ይቈጠራሉ።

ነገር ግን በዚያው አገር ሌላ ዜማ ይኖራል። ከብት ከገባ በኋላ በምድጃ ዳር፥ በገበያ ቀን በጠላ ቤት፥ ወይም እረኛው ብቻውን ከገደል አፋፍ ተቀምጦ ሲመታው የሚሰማ የክራር ድምፅ ነው። ለዚህኛው ብራና አልተፋቀለትም፤ መምህሩም አልተቈጠረለትም። ካህኑ ዘፈን ነው ብሎ ተወው፤ መኰንኑ ሲዘፈንለት ሰምቶ፥ ሸልሞ አለፈ፤ ዘፋኙም ራሱ መጻፍ አልተማረም። ስለዚህ ክራር የሚመታ ሰው ከአባቱ ወይም ከጎረቤቱ ተማረ ከማለት በቀር የትምህርቱን ዘር ወደ ላይ ለመቍጠር የሚቻል አይደለም።

ሁለቱ ዜማዎች ምንም የተራራቁ ቢመስሉ፥ ግእዝ የሚያውቅ ሰው ዝምድናቸውን ከስማቸው ያገኘዋል። አዝማሪ የሚለው ስም ዘመረ ካለው ግስ የወጣ ነው፤ መዝሙርና ዝማሬም ከዚያው ናቸው። በዙር አምባ ዝማሬ የሚያስመሰክረው መምህርና በገበያው ጠጅ ቤት የሚያዜመው አዝማሪ በግስ ቤት ወንድማማች ናቸው፤ በኑሮ ቤት ግን አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። እንደዚሁም ቅኔ የሚለው ቃልና ቅኝት የሚለው ቃል ከአንዱ ቀነየ የመጡ ናቸው፤ ባለቅኔው ቃልን ለምሥጢር ያስገዛል፥ ክራር መቺው አውታርን ለጆሮ ያስገዛል።

ክራር በመልኩ የበገና ታናሽ ወንድም ነው። ሁለቱም ሁለት ምሰሶና አንድ ቀንበር፥ በቆዳ የተለበጠ ገበቴ፥ አውታሩንም የሚሸከም ብርኩማ አላቸው። በገና ግን ዐሥር አውታር ያለው፥ ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ፥ ድምፁ ወፍራምና ነዛሪ ነው፤ ከዳዊት የወረደ ነው እየተባለ በጾምና በጸሎት ጊዜ ይመታል። ክራር አምስት ወይም ስድስት አውታር ብቻ ያለው፥ በብብት ሥር ይዘውት የሚሄዱት፥ ድምፁም ቀጭንና ፈጣን የሆነ ነው። ስለዚህ ሰዎች በገናን ለእግዚአብሔር፥ ክራርን ለሰይጣን ሰጥተው ሲናገሩ ኖረዋል። ይህ አከፋፈል ለስብከት ይመች ይሆናል፤ ለታሪክ ግን አይመችም። በግእዙ መዝሙረ ዳዊት እግዚአብሔር የሚመሰገንበት ዕቃ መሰንቆ ይባላል፤ ዛሬ ግን መሰንቆ ማለት አንድ አውታር ያለውና በደጋን የሚመታው የአዝማሪው ዕቃ ነው። ስሙ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው፥ ከነቢዩም እጅ ወደ ጠጅ ቤት ተሻግሮ ሳለ፥ ዕንጨቱን ቅዱስና ርኩስ ብሎ ለመለየት የሚደፍር ማን ነው?

ከባሕር ማዶ የመጡ እንግዶች ከእኛ ይልቅ ስለዚህ ነገር መጻፋቸው የሚያሳፍርም የሚያስደስትም ነው። የእስኮትላንድ ተወላጅ የሆነው ጀምስ ብሩስ ከ1762 እስከ 1764 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ተቀምጦ በጎንደር ቤተ መንግሥት ያየውንና የሰማውን ሁሉ ጻፈ። ካገሩ ከተመለሰ በኋላም ቻርልስ በርኒ የተባለው የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ስለ ኢትዮጵያ መሣሪያዎች ጠይቆት፥ ብሩስ ስለ ዋሽንቱ፥ ስለ መለከቱ፥ ስለ ነጋሪቱ፥ ስለ ከበሮው፥ ስለ ጸናጽሉና ስለ ባለ አውታሩ ዕቃ በደብዳቤ ገልጾለታል፤ በርኒም እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1776 ባሳተመው የሙዚቃ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ አስገብቶታል። ብሩስ እንደሚለው አውታሩ አንዳንድ ጊዜ አምስት፥ አንዳንድ ጊዜ ስድስት፥ ብዙውን ጊዜ ግን ሰባት ነው፤ የሚሠራውም ካልለፋ የበግ ወይም የፍየል ቆዳ በጣም ቀጥኖ ተቈርጦና ተገምዶ ነው። ይህ አውታር ቶሎ ይበሰብሳል፤ በበጋ ይበጠሳል፤ በዝናም ጊዜ ደግሞ ድምፁ እምብዛም አይሰማም። አንባቢ ይህን የመጨረሻውን ነገር በልቡ ይያዘው።

አሁን ወደ ቅኝቱ እንግባ። የክራር ቅኝት አራት ነው ይባላል፤ እነርሱም ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ባቲና አምባሰል የወሎ አገሮች ስም ናቸው፤ ከስማዳ በኩል ቆሞ ለሚያይ የበሽሎን ገደል ተሻግረው የሚገኙ ናቸው። አንቺ ሆዬ የጥሪ ቃል ነው። ትዝታ ግን የአገርም የሰውም ስም አይደለም፤ ልብ ብቻዋን የምትሠራው ሥራ ስም ነው። በአምስት ድምፅ ብቻ የቆመ ነው፤ ዛሬ በሙዚቃ ትምህርት ቤት ቋንቋ ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ ብለው ይቈጥሩታል። ሦስተኛውና አምስተኛው ድምፅ በእኩሌታ ዝቅ ሲሉ ያው ትዝታ ይጠቍርና ሌላ ኀዘን ይሆናል። ከዜማ ቤት ለመጣ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አራራይ የሚያራራ፥ ልብንም የሚያላላ ስለ ሆነ ነውና ይህን ስም ያገኘ። ይህን ማለት ግን ትዝታ ከአራራይ ተወለደ ማለት አይደለም፤ እንዲህ የሚሉ አሉ፥ ማስረጃ ግን አያመጡም። አንድ ጆሮ ሁለቱን ሲሰማ አደገ ቢባል ይበቃል።

አመታቱም ሁለት ዐይነት ነው። አንዱ ድርድር ነው፤ እያንዳንዱ አውታር በየጣቱ ለብቻው ይነካል። ሁለተኛው ግርፍ ነው፤ ቀኝ እጅ መግረፊያውን ይዞ አውታሮቹን ባንድነት ሲገርፍ የግራ እጅ ጣቶች እንዲሰሙ የማይፈለጉትን ከኋላ አፍነው ይይዛሉ። ሳይነኩ የሚያሰሙ፥ ነክተው ዝም የሚያሰኙ ጣቶች ናቸው። ትዝታ ለድርድር ይስማማል፤ ዘፋኙ ቃሉን ሲያቆም ክራሩ ይመልስለታል፤ ክራሩ ሲያቆም ሰውዬው ይቀጥላል።

ግጥሙ ብዙ ጊዜ ሁለት ስንኝ ነው፤ ቤቱ ባንድ ፊደል ይመታል፤ ብዙውም በወል ቤት፥ ስድስት ስድስት ቀለም ይዞ ይሄዳል። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ በዚህ ውስጥ የሚያገኘው ብዙ ነው። ትዝታ እንደ ሰው ትቆማለች፤ ትወቀሳለች፤ ደጅ ትጠናለች፤ ያባረሯት መስላ ተመልሳ ትመጣለች። ሰሙ ያልተመለሰ ወዳጅ ነው፤ ወርቁ ግን የሞተ ወንድም፥ የተሰደደ አባት፥ ወይም ዝናም የነሣው አገር ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም የሚያውቀው ዘፋኙና ያው ነገር የደረሰበት ሰሚ ነው። በቅኔ ማኅሌት ያደገ ሰው እንዲህ ያለውን ስንኝ ሰምቶ በሥራው ቢደነቅ ኃጢአት ነው የሚል ሥርዓት የለም።

አማርኛ ለዚህ ሁሉ አንድ ያማረ ስም አለው፤ እንጉርጉሮ ይባላል። እንጉርጉሮ ሰሚ አይፈልግም። ሴቲቱ ሌሊት ተነሥታ ወፍጮዋ ላይ ጐንበስ ብላ መጁን እየገፋች ለራሷ የምታዜመው፥ መንገደኛው ብቻውን ሲሄድ የሚያወጣው፥ ከዘፈንም ከልቅሶም መካከል ያለ ነገር ነው። አዝማሪው ለሰው ይዘፍናል፥ ይሸለማልም፤ የሚያንጐራጕር ሰው ግን ዋጋው ለጥቂት ጊዜ ሸክሙ መቅለሉ ብቻ ነው። ክራር ለዚህ የተመቸ ዕቃ ሆነ፤ ምክንያቱም ትንሽ ነው፥ እረኛም ከጓሮው ዕንጨትና ከአሮጌ ቆዳ ሊሠራው ይችላል፥ ለአንድ ሰው ጆሮ የሚበቃ ድምፅም አለው።

ይህን የመሰለ ነገር በዓለም ሌላ ስፍራ ተደርጎ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው መልሱን በአሜሪካ ያገኛል። ጥቁር ሕዝብ ከአፍሪካ በባርነት ተወስዶ በደቡብ አሜሪካ ክፍለ አገሮች፥ ይኸውም በተባበሩት መንግሥታት ደቡብ፥ ጥጥ ሲለቅም ኖሮ በ1865 ነጻ ወጣ ተባለ። ነጻነቱ ግን መሬት አልሰጠውም፤ ስለዚህ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ባለው ሜዳ የእኩል አራሽና ዕዳ ከፋይ ሆኖ ቀረ። በዚያ ከሥራና ከእስር ቤት ዜማ ብሉዝ የሚባለው እንጉርጉሮ ወጣ። ስሙ ሰማያዊ ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ በእነርሱ ቋንቋ ሰው ሰማያዊ ሆነ ማለት ልቡ ከበደው ማለት ነው። የግጥሙ ሥራት እንደዚህ ነው፤ ዘፋኙ አንዱን ስንኝ ሁለት ጊዜ ይለዋል፤ ሦስተኛው ስንኝ ቤት እየመታ ይመልስለታል። ሁለት ጊዜ መባሉ ዘፋኙ መልሱን እስኪያገኝ ፋታ እንዲኖረው ነው የሚሉ አሉ፤ ይህም ቅኔ ሊቀርብ ተነሥቶ የመጀመሪያውን ቤት እየደገመ ቀጣዩን በልቡ የሚፈልገውን ተማሪ ያስታውሳል።

ይህን እንጉርጉሮ ወደ ጽሑፍ ያገባው ዊሊያም ክሪስቶፈር ሃንዲ ነው፤ ታሪኩም ለካህናት ጆሮ የሚገባ ነው። አባቱ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር፤ ልጁ በለፋበት ገንዘብ ጊታር ገዝቶ ወደ ቤት ቢያመጣ፥ አባቱ የሰይጣን ዕቃ ነው ብሎ አስመለሰውና በመዝገበ ቃላት አስለወጠው። ሃንዲ ግን ሙዚቃ ተምሮ የሙዚቃ ጓድ አለቃ ሆነ። በ1903 ገደማ በሚሲሲፒ ተትዋይለር በተባለ የባቡር ጣቢያ ባቡር ሲጠብቅ እንቅልፍ ወስዶት ሳለ፥ ልብሱ ያለቀ አንድ ጥቁር ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ጊታሩን በቢላዋ እያሻሸ ሲያንጐራጕር ሰማ። ያ ሰው ስሙ አልታወቀም። ሃንዲ የተማረውን ንቀት ትቶ እንዲህ ያለውን ዜማ በኖታ መጻፍ ጀመረ፤ የሜምፊስ ብሉዝ የተባለውን በ1912 አሳተመ፤ የጣቢያውንም ነገር በ1941 ባወጣው የሕይወቱ ታሪክ ተረከው። በ1920 ማሚ ስሚዝ የተባለች ጥቁር ዘፋኝ ብሉዝ በሸክላ አስቀርጻ ሸክላው በብዙ ተሸጠ፤ ከዚያ ወዲህ ሸክላ አሳታሚዎች እንደነዚህ ያሉትን ዘፋኞች ፍለጋ በየአገሩ ይወጡ ጀመር።

ብሉዝ በጊታር ይታወቃል፤ ነገር ግን ከጊታር የምታንስ ኡኩሌሌ የምትባል ባለ አራት አውታር ዕቃም ነበረች። እርስዋ ደግሞ ስደተኛ ናት። በነሐሴ ወር 1879 ራቨንስክራግ የተባለች መርከብ ማዴራ ከተባለች የፖርቱጋል ደሴት ከ400 የሚበልጡ ሰዎች ለሸንኮራ አገዳ ሥራ ጭና ወደ ሃዋይ ደሴቶች ደረሰች። በውስጧም ማኑኤል ኑኔስ፥ አውጉስቶ ዲያስና ጆዜ ዶ ኤስፒሪቶ ሳንቶ የተባሉ ዕንጨት ጠራቢዎች ነበሩ፤ የሥራ ውላቸውን ከፈጸሙ በኋላ ያገራቸውን ትንሽ ጊታር በደሴቱ ዕንጨት ይሠሩ ጀመር። ንጉሥ ካላካዋም ወደዳት። የሃዋይ ሰዎች የመቺውን ጣት ፍጥነት አይተው የምትዘል ቁንጫ ማለት የሆነውን ስም ሰጧት። ክራርን የሰይጣን ነው ከማለት ቁንጫ ማለት ሳይሻል አይቀርም፤ ቁንጫ ቢያንስ አይኰንንም። በ1915 በሳን ፍራንሲስኮ በተደረገው ትልቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ከታየች በኋላ መላው አሜሪካ ገዛት፤ ዋጋዋ ትንሽ ስለ ነበረም ከድሆች ቤት ገባች።

ከሚሲሲፒ በላይ ባለችው በሜምፊስ ከተማ በ1907 የተወለደችው ሎራ ዱክስ ይህችን ዕቃ ይዛ ብሉዝ ስትዘፍን ኖረች። ቁመቷ አጭር ስለ ነበረ ትንሿ ሎራ ይሏት ነበር፤ ትንሽ ሴት ትንሽ ዕቃ ይዛ ከሠፈር የሙዚቃ ጓዶች ጋር በየመንገዱና በየመጠጥ ቤቱ እየዞረች፥ በ1992 እስክትሞት ድረስ የዱሮውን ዜማ አልተወችም። በቨርጂኒያም ሉዊስ ሙዝ የተባለ፥ በቅጽል ስሙ ጥንቸል የሚባል ሰው ኡኩሌሌ ይዞ ብሉዝ ሲዘፍን ኖሮ፥ የመጀመሪያ ሸክላው የወጣለት ወደ ሰባ ዓመት ሲጠጋ በ1976 ነው። የእነዚህ ሁለቱ ነገር የሚያስተምረው አለ፤ ሸክላ ፈላጊዎቹ ከጊታር መቺ ወደ ጊታር መቺ ሲሮጡ፥ ትንሿን ዕቃ የያዘውን እንደ ጨዋታ ቈጥረው አልፈውታል። ክራርም በአገሩ የደረሰበት ይኸው ነው።

የእኛን ትዝታ ብሉዝ ብሎ መጥራት በኤውሮፓ ተለምዷል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ የኢትዮጵያን የዱሮ ሙዚቃ ሰብስቦ ኢትዮፒክስ በሚል ስም በተከታታይ ሲያወጣ፥ በ2002 የወጣው ዐሥረኛው ክፍል ትዝታ ተብሎ የኢትዮጵያ ብሉዝ የሚል ተጨማሪ ስም ተሰጠው። ፋልሴቶ ለዚህ ሙዚቃ የሠራው ሥራ ትልቅ ነው፤ ስሙ ግን መመርመር አለበት። ሁለቱም በጥቂት ድምፅ የቆሙ፥ አንድ ሰው በአንድ አውታር የሚያሰማቸው፥ ስለ ራቀ ነገር የሚያንጐራጕሩ ናቸው፤ እስከዚህ እውነት ነው። ነገር ግን ብሉዝ ከባርነት የመጣ ሕዝብ ዜማ ነው፤ አገሩን ተነጥቆ፥ ቋንቋውን ረስቶ በሌላ ቋንቋ ያዘነ ነው። ትዝታ በገዛ አገሩ፥ በገዛ ቋንቋው ተቀምጦ የሚያዝን ሰው ዜማ ነው። የመጀመሪያው የተወሰደበትን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው የሄደበትን ይጠራል። ባንድ ስም መጠራታቸው ለገበያ ይመቻል፤ እንዲያውም ብሉዝ የአሜሪካ ትዝታ ነው ቢባል ማን ይከለክላል?

ይህን ነገር በትምህርት መንገድ የመረመረ ኢትዮጵያዊ አሸናፊ ከበደ ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዲሬክተር የነበረው ይህ ሰው በ1971 በአሜሪካ በዌስልያን ዩኒቨርሲቲ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ የዶክተርነት ጽሑፉን አቀረበ፤ በ1982 ደግሞ የአፍሪካንና የአሜሪካን ጥቁሮች ሙዚቃ ሥር የሚመረምር መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳተመ። ማሲንቆና ባንጆ፥ ክራርና ጊታር ባንድ መጽሐፍ ውስጥ በአንድ ኢትዮጵያዊ እጅ መገናኘታቸው እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም፤ እርሱም በ1998 በስደት አገር ዐረፈ።

በሸክላ ነገር ኢትዮጵያ ከብሉዝ የቀደመች መሆኗን ብዙ ሰው አያውቅም። ዳግማዊ ምኒልክ ተሰማ እሸቴን የኦቶሞቢል ሥራ እንዲማር ወደ ጀርመን ሰደዱት፤ ተሰማ ግን ባለቅኔና ማሲንቆ መቺ ስለ ነበረ፥ ከ1900 እስከ 1902 ዓ.ም. በዚያ ሲቀመጥ በበርሊን ዜማውን በሸክላ አስቀረጸ። ማሚ ስሚዝ በኒው ዮርክ ከመዝፈኗ ዐሥር ዓመት ያህል አስቀድሞ ያማርኛ ግጥም በሸክላ እየዞረ ይሰማ ነበር ማለት ነው። ተሰማ በኋላ ነጋድራስ ተባለ፤ የልጅ ኢያሱም ወዳጅ ነበርና ከእርሳቸው መውደቅ ጋር የእርሱም ነገር ወደቀ።

ከጥቁር አሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ የመጣ ሙዚቀኛም አለ። አርኖልድ ጆሳያ ፎርድ በባርቤዶስ ደሴት የተወለደ፥ በኒው ዮርክ የማርቆስ ጋርቬይ ማኅበር የመዘምራን አለቃ የነበረ ሰው ነው፤ ከቤንጃሚን ቡረል ጋር ሆኖ ኢትዮጵያን የአባቶች ምድር ብሎ የሚጠራውን የማኅበሩን መዝሙር የደረሰውም እርሱ ነው። በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ዘመን ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ ሙዚቃ በመጫወትና በማስተማር ተዳደረ፤ የተመኘው የጥቁሮች ሠፈራ ሳይሳካለት በመስከረም 1928 ዓ.ም.፥ ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ በዚያው ሞተ። ባለቤቱ ሚኞን ፎርድ ግን አልተመለሱም፤ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት አቁመው ብዙ ልጆች አስተማሩ። የሐርለምን ዜማ የሚያውቅ እጅ በአዲስ አበባ ሙዚቃ ሲመታ በጥቂት መንገድ ርቀት የሚሰማው የክራር ትዝታ ምን ይመስለው እንደ ነበረ ቢጽፈው መልካም ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ጨለማ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፥ ከሦስት ቀን ጭፍጨፋ ወዲህ፥ ሹሙ ዓይኑን በተናጋሪዎች ላይ አደረገ። በመጋቢት ወር ጠንቋዮች፥ ትንቢት ተናጋሪዎችና እየዞሩ በዜማ የሚያወሩ ሰዎች ተይዘው እንዲረሸኑ አዘዘ፤ ምክንያቱም የጣሊያን ግዛት ሊያልፍ ነው የሚለውን ወሬ በሕዝብ መካከል ያሰራጫሉ በማለት ነው። መንፈቅ ሳይሞላ የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት በግንቦት ወር ተፈጁ። የመነኰሳቱን ነገር ቤተ ክርስቲያን ታስባለች፥ ስማቸውንም ትጠራለች፤ ስለ ዜማቸው የተገደሉትን አዝማሪዎች ግን በስም የሚያስብ ማነው? ማሲንቆና ክራር ይዘው ወደ መረሸኛ የሄዱት ሰዎች ስም በየትኛውም ስንክሳር አልገባም። ገዳዩ ግን የሰዎቹን ኃይል ከእኛ ይልቅ አውቆት ነበር፤ ሁለት ስንኝ ከሠራዊት ይልቅ ፈርቷልና።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ክራር በአዲስ አበባ መድረክ አገኘ። ከካሣ ተሰማ እጅ፥ ከሜሪ አርምዴም እጅ የወጣውን ትዝታ በራዲዮ የሰማ ትውልድ ዛሬም አለ። ከሁሉ ይልቅ የሚነሣው የወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ስም ነው፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የመድረክ ተዋናይት ሆነው ሳለ፥ ሴት ክራር ስትይዝ ስሟ በክፉ በሚነሣበት ዘመን፥ ክራራቸውን ይዘው ወጡ፤ ግጥሙንም በቅጽበት ከአፋቸው ያወጡ ነበር። ስለ ትንሽ ዕቃ ከተነሣ አየለ ማሞ በማንዶሊን ያደረገውም አይረሳም፤ ከኡኩሌሌ ጋር የቅርብ ዘመድ የሆነችው ያች የኢጣሊያ ዕቃ በእርሱ እጅ አማርኛ ተናገረች። በ1966 ዓ.ም. ዱክ ኤሊንግተን ጓዱን ይዞ አዲስ አበባ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ኒሻን ተቀበለ፤ ብሉዝን ወደ ትልቅ አዳራሽ ያወጣው ሰውና ትዝታን ወደ ትልቅ አዳራሽ ሊያወጣ የጀመረው ሙላቱ አስታጥቄ በዚያ ጊዜ ተገናኙ።

ወደ ጋይንትና ወደ ስማዳ እንመለስ። የበሽሎ ቈላና የታች ጋይንት መሬት ዝናም የሚነፍገው ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሲጸና መንግሥት ወደ 600 ሺህ የሚሆን ሕዝብ፥ ይልቁንም ከወሎ ከትግራይና ከሸዋ፥ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ አሠፈረ። ስለ ሠፋሪው የተጻፈው ወረቀት ብዛቱን፥ የበላውን ስንዴና የሞተውን ሰው ይቈጥራል፤ ያንጐራጐረውን አይቈጥርም። ለሚሄድ ሰው በገና ከባድ ነው፥ ድጓም ከባድ ነው፤ ቅኝት ግን ሸክም የለውም፥ ክራርም በደረሱበት ዕንጨት ተጠርቦ ይሠራል። የትዝታ ቅኝት ከተወለደበት አገር ርቆ በየሠፈራው ሲሰማ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ዛሬ ክራሩ ራሱ ተለውጧል። ቆዳውና ጅማቱ ቀርቶ አውታሩ ናይሎን ወይም የብረት ሽቦ ሆኗል፤ በከተማ ኤሌክትሪክ የተገጠመለትም አለ። ሽማግሌዎች ድምፁ ቀለለ እያሉ ያማርራሉ፤ እውነትም የጅማቱ ውፍረት የለውም። ነገር ግን ብሩስ እንደ ጻፈው የቆዳው አውታር በዝናም ጊዜ ድምፅ አይሰጥም ነበር። በጉና ሥር ሐምሌ ጨልሞ፥ ጭጋጉ ከቤት ደጃፍ ሲገባ፥ ሰውም ከብቱን ይዞ ምድጃ ዳር ሲሰበሰብ፥ ክራሩ ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ እስከ መስከረም ዝም የሚልበት ክረምት ነበር፤ አሁን ግን ናይሎኑ እርጥበት አይፈራምና በሐምሌም ይመታል።